ጋሼ፣ ይምጡ ይዩልኝ

ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ይዋሻል ያሉኝ አጎቴ ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያጠምዱ የኖሩ።

የእናቴ ወንድም ናቸው። በአዲስ አበባ ከእሳቸው ሌላ ዘመድ አልነበረኝም፤ እሳቸውም ከእኔ ሌላ ሰው አልነበራቸውም። ሁለት ላጤዎች ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በአንድ የቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። በደርግ ጊዜ ሰፈሩ ከቪላዎቹ ወዲያ ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ጣሪያችን ይንቀጠቀጣል። የቀበሌ ስብሰባ በሌለበት እሑድ በቡልቡላ በኩል በእግራችን ወርደን አቃቂ ወንዝ ዳር እንውላለን።

የእኔ ዘንግ ቀርከሃ ነው። ጫፉ ላይ ክር፣ ክሩ ላይ የጠርሙስ ቡሽ፣ ከሥር መንጠቆ፤ አለቀ። የእሳቸው ግን ድሮ ጋራዥ አብሯቸው የሠራ ጣሊያን ሲሄድ የተወላቸው የብረት ዘንግ ነበር። አንዱ ቱቦ ከሌላው ውስጥ እየወጣ ይረዝማል፤ ሲጨርሱ ይታጠፍና ኮታቸው ውስጥ ይገባል። እኔን አያስነኩኝም። አቤት ሲኮሩበት!

ሕጋቸው ደግሞ ብዙ ነው። የተበጠሰ ክር ወንዝ ውስጥ አይጣልም፣ የወፍ እግር ያስራል። ሳሙና ይዞ ወደ ውሃው መጠጋት የለም። ሆዷ በእንቁላል የተወጠረ ዓሣ ከተያዘች ትለቀቃለች፤ ከመለቀቋ በፊት ግን ሌላው ተጠርቶ ማየት አለበት። «ብቻህን ለቀህ ክንዴን ታህል ነበር ብትለኝ አላምንህም» ይሉኛል። ስለዚህ «ጋሼ፣ ይምጡ ይዩልኝ!» ብዬ እጣራለሁ። እየሮጡ ይመጡና፣ ደረቅ እጅ ቆዳዋን ይገፍፋል እያሉ እጃቸውን አርጥበው መንጠቆውን ያወጣሉ። «በይ ሂጂ፣ ልጆችሽን አሳድጊ» ብለው ይለቋታል።

አንድ እሑድ ጠዋት ትል ቆፍረን፣ በጣሳ ይዘን ልንወጣ ስንል የቀበሌ ጠባቂዎች ለአሰሳ መጡ። ከጋሼ ኮት ውስጥ ያንን የብረት ዘንግ አወጡ። አንዱ ጫፉን ሲስበው ረዘመ፤ አሁንም ሲስበው ረዘመ። «አንቴና!» ብሎ ጮኸ። የዓሣ ማጥመጃ ነው ብል ማን ይስማኝ! ጋሼ ደግሞ ምላሳቸው አያርፍም፤ ሳቁና «አዎ፣ ከዓሣ ጋር የምነጋገርበት ሬዲዮ ነው» አሉ። አይ ጋሼ! ያን ጊዜ ይቀለዳል? ማንም አልሳቀም። ከነዘንጋቸው ወሰዷቸው። በሩ ላይ ዘወር ብለው «ትሎቹን ልቀቃቸው፣ ጣሳው ውስጥ ታፍነው ይሞታሉ» አሉኝ።

ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ማመላለስ ጀመርኩ። ባዶው ሳህን ሲመለስልኝ በልተዋል፣ በሕይወት አሉ ብዬ እጽናናለሁ። አንድ ቀን በረኛው ሳህኑን ሳይቀበለኝ ኮታቸውን ሰጠኝና «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጣ» አለኝ። ያ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጮክ ብሎ ማልቀስ እንኳ ያስጠረጥራል፤ ቤቴ ገብቼ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ እሑድ ከቤት አልወጣሁም። የማናግረው ሰው ሳጣ ዜና ለሚያነበው ሬዲዮ መልስ መስጠት ጀመርኩ። ላብድ ነው አልኩና አንድ ቀን ቀርከሃዬን ይዤ ወረድኩ።

ቡሹ ጥልቅ አለ። ስስበው ከበደኝ፤ ክሩ እንዳይበጠስ ቀስ እያልኩ ወደ ዳር አመጣኋት። ሆዷ ተወጥሯል። አፌ ቀደመኝና «ጋሼ፣ ይምጡ ይዩልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ወንዙ ዳር ሰው የለም። ቦሌ ሊያርፍ የወረደ አውሮፕላን አለፈ። እጄን አርጥቤ መንጠቆውን አወጣሁ። የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል ውሃው ውስጥ ትንሽ ይዣት ቆየሁ፣ ከዚያ ለቀቅኳት። «በይ ሂጂ» አልኳትና የቀረውን ተውኩት።

ክንዴን ታህል ነበር። እውነቴን ነው። አላምንህም የሚለኝ እንኳ የለም።