የቅምጥሌ ሳንቲም

ሰፈርተኛው «በረኪና» ይላታል፤ ልብስ አጣቢም ናት፣ አንደበቷም ያቃጥላል። በዚህ ዓለም ላይ በረኪና አይታ ማለፍ የማትችላቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ እድፍ፣ ሌላው የታናሽ እህቷ ደስታ። እድፉን ታስለቅቀዋለች። ደስታውን ግን በምን ታስለቅቀው?

እናታቸው ስታርፍ ለበረኪና የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ከነካውያው፣ ከነደንበኛው፣ ከነወገብ ሕመሙ ተወችላት። ለታናሿ፣ ቅምጥሌ እያለች ላሳደገቻት፣ ያወረሰቻት አንዲት የጠቆረች የውጭ አገር ሳንቲም ነው። ድሮ ሆቴል አንሶላ ስታጥብ አንድ እንግዳ የሰጣት ናት ይባላል። ጽሑፏ አይነበብም፤ ከተቀረጸባት ሰውዬም የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነው። እንግዲህ ፍረዱ! አንዷ መተዳደሪያ ወረሰች፣ አንዷ አፍንጫ። የበረኪና አንጀት ያረረው ግን በዚያች አፍንጫ ነው። እናቷ ሳንቲሟን ዕድሜ ልኳን በጉያዋ ሸጉጣት ነበር የምትዞረው፤ ካውያ በጉያው የሚይዝ ማን አለ?

አንድ ቀን ጠዋት ቅምጥሌ ወደ ሥራዋ ስትከንፍ ማጠቢያ ቤቱ ብቅ አለች። የምትሠራው ስልክ ማንሳት ነው፤ ድምጿ ማር ነው፣ እሱም ለበረኪና ሌላ ቁስል።

«እትዬ፣ ጉድ ልንገርሽ! አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰውዬ ሳንቲሟን ከሰዓት በኋላ አምጪያት አለኝ። ቤት ታሠራ ይሆናል እኮ!»

«የውሻ ቤት?»

«ሂጂ ወዲያ! በይ አንቺ ጋ ትቆይ፤ እኔ እንደሆንኩ ጥያት ቁጭ ነው። አብረን እንሄዳለን፣ እሺ? አንቺ ከሌለሽ አፌ ይተሳሰራል።»

በረኪና ሳንቲሟን መዳፏ ላይ አስቀምጣ አፈጠጠችባት። «ምነው ቆርኪ በሆንሽ!» አለቻት። ያቃጠላት ገንዘቡ አይደለም። ሳንቲሟ ርካሽ ከሆነች፣ እናታቸው ለታናሿ የሰጠቻት ማስታወሻ ነው፣ አለቀ። ውድ ከሆነች ግን ዕድሜ ልኳን የጠረጠረችው ነገር፣ እናቷ ታናሿን አስበልጣ መውደዷ፣ ዛሬ በሰው ፊት ሊረጋገጥ ነው።

ገልበጥ፣ ቀና ስታደርጋት በሰውዬው አፍንጫ ሥር የተጋገረ እድፍ አየች።

ሰው ቢቀናም ሙያው ሙያ ነው። ከበረኪና ቤት ቆሽሾ የወጣ ነገር የለም፤ በዚህ ገላዋ ሰው ፊት ልትቀርብ? ሎሚ ጨመቀች፣ ሶዳ ነሰነሰችበት፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ አነሳች። ስትፈትጋት አፍንጫው ከንፈር አወጣ፣ ከንፈሩ ጢም አበቀለ። ውስጧም አብሮ ለሰለሰ። «ስታያት እንዴት ትደሰት ይሆን!» ብላ አሰበች፤ የእህቷን ደስታ በመናፈቋ ለራሷም ገረማት። ሳንቲሟን በተተኮሰ ነጭ መሐረብ ጠቀለለቻት።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ነጋዴው መሐረቡን ሲፈታ ሳንቲሟ ቦግ አለች።

«ውይ! ፀሐይ መሰለች!» ብላ ቅምጥሌ አጨበጨበች።

ሰውዬው ግን በአጉሊ መነጽሩ አየ፣ ጠረገው፣ እንደገና አየ። «ማነው ያጠባት?»

«እኔ ነኝ» አለች በረኪና፣ ምስጋናዋን ልትቀበል ቀና ብላ።

«እመቤት፣ ጥቁረቷ እኮ ነው ዕድሜዋ! ገዢ የሚፈልገው እሱን ነው። እንደነበረች ብትመጣ ደህና ዋጋ እሰጥ ነበር። አሁንማ ቆዳዋ ተገፍፏል፤ ቀለበት አሠሩባት።»

በረኪና ክው አለች። ስትቀና ኖራ አንድም ነገር አላበላሸችም፤ በወደደች ዕለት አበላሸች! ደግሞስ ሆን ብላ እንዳልሆነ ማን ያምናታል? ነጋዴው የውርስ ዕቃ ሲገዛ ያረጀ ሰው ነው፤ በዓይኑ ጠርዝ እያያት ወደ ታናሿ ዞረና «እህትሽ ናት?» አለ፤ አባባሉ «አውቄያታለሁ» የሚል ነበር።

ቅምጥሌ እህቷን አየቻት፣ ሳንቲሟን አየቻት። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«እትዬን አታውቃትም! ልጅ ሆነን ድመታችንን በሳሙና አጥባ ገመድ ላይ ልታሰጣት ነበር! እኔን ደስ ይበላት ብላ ነው። ነይ እትዬ፣ እንሂድ፤ አልሸጣትም።»

መንገድ ላይ ክንዷን ያዘቻት። በረኪና ተንፈስ አለች፤ እስከ መታጠፊያው ድረስ። እዚያ ሲደርሱ የድሮው ቅናቷ ተነሳ። ነገሩ በእሷ ላይ ደርሶ ቢሆን አሥር ዓመት ታወራው ነበር። ይቺ ልጅ ግን የእናታቸውን ጉያም ወሰደች፣ ድምፁንም ወሰደች፣ አሁን ደግሞ በይቅር ባይነቱም ቀደመቻት!

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ፣ እትዬ?»

«ትንሽ እንኳ ተቆጪ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!»

«እኔ እኮ ቁጣ አላውቅበትም።»

«እሱንም እኔው ላስተምርሽ?» አለች በረኪና ክንዷን መንጭቃ፤ ቅምጥሌም መንገደኛው ሁሉ እየዞረ እስኪያያቸው ድረስ ሳቋን እንደገና ለቀቀችው።