ስወርድ የሚበጠሰው ሽቦ

እናቴ እንቅርቷን ካስወጣች ወዲህ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አያልፍም። ለሕክምና ክትትል ከሰንበቴ ወደ ከሚሴ የማመላልሳት እኔ ነኝ፤ መኪና ስለሚያስመልሳት በሞተሬ። አንዳንዴ ዓይኗን ጭልም ያደርጋታል። እንድቆም ብትጠራኝም ነፋሱ ድምፅዋን ይወስደዋል። አንድ ቀን እንዲህ ስትጠራኝ ሳልሰማት ከኋላዬ ተንሸራታ ወደቀች። አላህ አተረፋት፤ ክርኗ ብቻ ተላጠ።

"ሁለተኛ ሞተር ላይ አልወጣም። ሐኪሙም ይቅርብኝ" አለች። ፈራሁ።

ሄልሜት ውስጥ የሚገባ ማዳመጫና ማይክራፎን ገዛሁ። ትንሿ ሳጥን መሪው ላይ ትታሰራለች፤ ከየሄልሜታችን ሽቦ ይመጣና ይሰካባታል። እያግባባሁ አወጣኋት። ጆሮዬ ውስጥ "ቀስ በል" ስትለኝ ልቤ በደስታ ዘለለ። በሁለተኛው ጉዞ መሣሪያው ዝም አለ።

ጥፋቱን በእሷ ማይክራፎን ላይ ጫንኩ። ፈታሁት፤ ደህና ነው። ሻጩን ረገምኩ። በመጨረሻ ሄልሜት ተለዋወጥን፤ አሁን የማትሰማው እሷ ሆነች። ለካ የተበላሸው የእኔ ሽቦ ኖሯል! በቴስተር ብለካው መሰኪያው ሥር ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። በመበየጃ ካውያ በየድኩት። እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ተበጠሰ፤ ደግሞም በየድኩት። ሁሌም የሚበጠሰው መንገዳችን ላይ ያለችው ጨፋ ሮቢት ስንደርስ ነው።

አንድ የገበያ ቀን እዚያው ጨፋ ሮቢት የአባቴን ጓደኛ አገኘን። ሽማግሌን ሞተር ላይ ተቀምጠው ሰላም አይሉም፤ ዘልዬ ወረድኩ። ሽቦው ጭንቅላቴን ጎትቶ እንደታሰረ በሬ አቆመኝ። ሽማግሌው "አካም ጅርታ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱስ?" ይላሉ፤ እኔ አንገቴን አጣምሜ "አልሐምዱሊላህ" እላለሁ። የሚበጥሰው እኔው እንደሆንኩ ያኔ ገባኝ፤ ጨፋ ሮቢት ላይ ወዳጅ ዘመድ ሰላም ለማለት ሁሌ ዘልዬ እወርዳለሁና።

በሚቀጥለው ጉዞ ብልጥ ልሁን ብዬ ከሞተሬ ሳልወርድ እጄን አነሳሁላቸው።

ሽማግሌው እናቴን "ልጅሽ እግሩን ታመመ እንዴ?" አሏት።

ቤት እንደገባን በዚያች ቀጭን ድምፅዋ፣ "ሽቦው መቶ ጊዜ ይበጠስ! ስድቡ ላንተ እንዳይመስልህ፤ ላሳደግኩህ ለኔ ነው" አለችኝ።

ተናደድኩ፤ እውነቷን ስለሆነ ይበልጥ ተናደድኩ። ሁለቱንም ሽቦዎች መሃላቸው ላይ ቆረጥኩና ከአሮጌ ማዳመጫዎች የፈታኋቸውን ልል መሰኪያዎች አስገባሁባቸው። ስንወርድ ራሱ ይላቀቃል፤ ስንወጣ እንሰካዋለን። ከዚያ ወዲህ የተበጠሰ የለም።

ባለፈው ከከሚሴ ስንመለስ ጨፋ ሮቢት ላይ ወርጄ ሽማግሌውን ሰላም አልኩ፤ ምርቃቴን ተቀብዬ ሽቦዬን ሰካሁና ተነሳን። ትንሽ እንደሄድን እናቴ ጆሮዬ ውስጥ "ቁም፣ አባቴ" አለች።

ቆምኩ። ራሷ ወርዳ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። ሽቦዋ ተላቆ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዓይኗን ጨፍና ቆየችና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጎንበስ አልኩላት።

"ስጠራህ ሰማኸኝ?"

"ሰማሁሽ፣ እማ።"

ውሃ ጠጣች። ሄልሜቷን አስተካክላ ተነሳችና ሽቦዋን ራሷ ሰካች።

"የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነበር ያሉን?" አለችኝ።