ሃያ ሦስተኛው ድንጋይ

የዚያን ዕለት ጠዋት ጋሽ ፍሬንን ቁርሱ አልወርድ አለው። በዚያ ረጅም የገጠር መንገድ ላይ ትንሿን አውቶቡስ ይዞ ሲሄድ፣ የፈረሰ ግንብ ወይም ያረጀ ዛፍ ባየ ቁጥር ፍሬን እየያዘ ታሪኩን ስለሚያወራ፣ ተሳፋሪዎቹ ናቸው ይህን ስም ያወጡለት።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው?» አለች ሚስቱ፣ ያልነካውን ዳቦ እያየች። «በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አላላበህም።»

«ሙቀቱ ነው።»

«የቱ ሙቀት? አባቴ ያስተማረህን ነው የምታወራው፤ እንደ ውሃ ታወርደው የለ!»

ይኸው የአባቷ ትምህርት ነበር ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረው። ዛሬ ከቅርስ ጽሕፈት ቤት አንዲት ባለሙያ አብራው ትጓዛለች። በመንገዱ ዳር የታሪክ ሰሌዳ የሚተከልባቸውን ቦታዎች እሱ ያሳያል፣ እሷ በቀይ ቀለም ምልክት ታደርጋለች። አሳምሮ ካሳየ ጽሕፈት ቤቱ ለጎብኚዎች የሚያሰማራው አውቶቡስ የእሱ ይሆናል። ካልሆነለት ሌላ ተራኪ ይመጣል፤ እሱም በሌላ መስመር አፉን ዘግቶ ሲነዳ ይኖራል። አፉን ዘግቶ! ዕድሜውን ሙሉ ሲያንጎራጉር ለኖረ ሰው ይህ ከሞት በምን ይሻላል?

አማቱ ከእሱ በፊት የዚህ መስመር ሾፌር ነበሩ። ታመው አልጋ ላይ ሁለት ዓመት ከቆዩ በኋላ እሱን ጠርተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መንገዱን አስጠኑት። ሁሉንም በኪሎ ሜትር ድንጋይ ነበር የሚቆጥሩት፦ «አሥራ ስምንተኛው ድንጋይ ጋ ወፍጮው፤ ሃያ ሦስተኛው ጋ በግራ በኩል ዛፉ።» ያልሰሙት ነገር ቢኖር፣ እሳቸው በተኙበት መንገዱ መታደሱን፣ ከወፍጮው ወዲያ ያለው ጠመዝማዛ ተቆርጦ መቅናቱን፣ የዚያ ድንጋዮችም ተነቅለው እንደ አዲስ መተከላቸውን ነው። እሱም የድሮውን መንገድ ነድቶበት አያውቅም። ሃያ ሦስተኛው ድንጋይ ጋ ደረሰ፣ በግራ ዛፍ አየ፣ አመነ። አሥራ ስድስት ዓመት።

ባለፈው ሳምንት ለራዲያተሩ ውሃ ሊቀዳ ከዛፉ በታች ወዳለው ማሳ ሲወርድ ነው ጉዱን ያየው። ዝናቡ አፈሩን አጥቦ አንድ ያዘመመ ድንጋይ አውጥቷል፤ በላዩ «23» ተቀርጿል። ከአጠገቡ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ቢያያዝ የማያቅፈው ጉቶ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፤ ለሚስቱም አልነገራትም።

አውቶቡሱ ተነሳ። ባለሙያዋ ከጎኑ ተቀመጠች፣ ማስታወሻ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ። ከኋላዋ የዘወትር ተሳፋሪዋ ልብስ ሰፊ ነበረች። ወፍጮው ጋ ቆመው ታሪኩን ነገራት፤ ባለሙያዋ ሳቀች፣ ጻፈች፣ ቀለም ቀባች። እሱ ግን ድንጋዮቹን ይቆጥር ነበር። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። የድንጋዮቹ ቁጥር እንደ ልብ ምት ይመጣበታል። ሳያስበው በለሆሳስ ማንጎራጎር ጀመረ፦

መንገዱ ሲቃና ጠመዝማዛው ቀርቶ፣
የት ልፈልግሽ ነው ልቤ ጥሎሽ መጥቶ።

«ውይ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነክቶህ ነው የምታስለቅሰን?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ይልቅ ዛፋችን ጋ ደርሰናል፣ ንገራት!» ራሷ ጀመረችላት። «እዚህ ነው የኔ እህት፣ አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፉ ወንድማማቾች፣ በረዶ ሲወርድባቸው ከአንድ ዛፍ ሥር ገብተው፣ አንድ ካፖርት ለብሰው የታረቁት። እኔም ከእህቴ ጋር የታረቅኩት እዚሁ ነው።»

ባለሙያዋ ዓይኗ በራ። እግሩ ልማዱ ነውና ፍሬኑን ረገጠ። እሷ ወርዳ ዛፉን ዞረችው፣ የቀለሙን ብሩሽ አወጣች፣ ጎንበስ አለች። ቢተወውስ? ማን ያውቃል? የሚያውቁት እሱና ጉቶው ናቸው።

«እዚህ ጋ ላድርገው ጋሼ?»

«ቆይ!» ድምፁ ራሱንም አስደነገጠው። «እዚህ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ዛፉ። ይሄ... ይሄ ሌላ ዛፍ ነው።»

ሁሉንም ነገራት፤ የአማቱን አልጋ፣ የተነቀሉትን ድንጋዮች፣ የሳምንቱን ጭንቀት። ከዚያ በማሳው መሐል ይዟት ወረደ። ባለሙያዋ ጭቃ የነካውን ድንጋይ በመዳፏ ጠረገች፣ ጉቶውን ዞራ አየች።

«ከዚህ ወዲያ ያሉትስ? እነሱም በድንጋይ ነው የተቆጠሩት?»

«አዎ። አራት ናቸው። አላጣራኋቸውም... ፈራሁ።»

ደብተሯን ከፍታ አንድ መስመር ሰረዘች። «የነገሩኝን እንዳለ እጽፋለሁ። ኮሚቴው ምን እንደሚል አላውቅም ጋሼ፤ ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም። ቅዳሜ ግን የድሮውን የመንገድ ካርታ ይዤ እመጣለሁ። የድሮውን መንገድ በእግር አብረውኝ ይሄዳሉ?»

«በእንብርክኬም ቢሆን» አለ።

ወደ አውቶቡሱ ሲመለስ ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። ነገራቸው። ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እንዴ! እና እኔ ያን ሁሉ ያለቀስኩት በማያውቀኝ ዛፍ ሥር ነው?»

«ይቅር በይኝ።»

«እህቴ ከሰማች ትስቅብኛለች» አለች፤ ቀጥላም ኮስተር ብላ፦ «ግን እርቁን መልሱ እንዳትለን!» የኋላ ወንበሮች በሳቅ ተናጉ። እሱ መሳቅ አልቻለም። ሞተሩን አስነሳ፤ ማታ ለሚስቱ የአባቷን ነገር በምን አፉ እንደሚጀምርላት እያሰበ ማርሽ አስገባ።

ከአራቱ የመጀመሪያው፣ የድንጋይ ድልድዩ፣ ከፊቱ ብቅ ሲል እግሩ አመነታ።

«ይሄስ?» አለች ባለሙያዋ፣ ብዕሯን አዘጋጅታ።

«ይሄ እንኳ ወንዙን ጥሎ የትም አይሄድም» አለ። አቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁ የመጀመሪያ ቀን ተማሪ ይመስል ነበር። «አማቴ እንደነገሩኝ ከሆነ...»