ኮች ቨርሊን ያልመለሰችው ጥያቄ

የከተማችንን ልጆች ስለ ወንድና ሴት ነገር እንድታስተምር የተመረጠችው ቨርሊን ቲቤትስ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ናት። ለምን እሷ? ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሥራ ስላልነበራት። የቀረውን የግዛታችን የሚሲሲፒ ሕግ ጨርሶላታል፤ ወላጅ ያልፈረመላት ልጅ አትገባም፣ ወንድና ሴት አብረው አይቀመጡም፣ የትምህርቱ ፍሬ ነገር ደግሞ «እስክታገቡ ታቀቡ» ነው። በጡረታ ዕድሜ ያለ ሕግ አውጪ መታቀብን ማወደስ ምን ያቅተዋል?

ቨርሊን ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ የቀዳችው አንድ ትርዒት ነበራት። ፕላስተር ቆርጣ የአንዷ ክንድ ላይ ትለጥፋለች፣ ታላቅቃለች፣ ወደ ቀጣይዋ ታልፋለች። አምስተኛዋ ላይ ፕላስተሩ ፀጉርና እድፍ ይዞ አልጣበቅ ይላል።

«አያችሁ? ከወንድ ወደ ወንድ ያለች ልጅም እንዲሁ ናት። እንግዲህ ይህን ማን ይፈልገዋል?»

«ኮች፣ ሌላ ይግዙ እንጂ!» ትላለች ከኋላ አንዷ ቀልደኛ። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

ባለፈው ጥቅምት ኮሪን ማዶክስ አልሳቀችም። በቡድኑ ውስጥ እንደ እሷ ኳስ የሚያቀብል የለም፤ ዝምተኛ ናት። ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀረች።

«ኮች፣ ልጅቷ ሳትፈልግ ቢሆንስ? እምቢ ብላ ቢሆንስ?»

ቨርሊን ገባት። አልገባኝም ነበር ብላ ብትምል እኔ ራሴ እታዘባታለሁ። ግን እንድታስተምረው የተፈቀደላትን ወረቀት ገልጣ አየች፤ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም።

«እሱ ከትምህርቱ ውጭ ነው፣ የኔ ልጅ። እናትሽን ጠይቂ።»

ኮሪን ማንንም አልጠየቀችም። መጀመሪያ ቡድኑን ለቀቀች፣ የገና በዓል ሳይደርስ ደግሞ ትምህርት ቤቱን።

ሕግ አክባሪዋ ቨርሊን ምሳዋን መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን መብላት ጀመረች። ርዕሰ መምህሩ «ሕጉን እኮ ነው የተከተልሽው» ብሎ አጽናናት። እውነቱን ነበር፤ የሚያቃጥላትም እሱ ነው።

መጋቢት ላይ ቨርሊን፣ ኮሪን ሒሳብ ተቀባይ ሆና ወደምትሠራበት ሱቅ ገባች። ሌላው መስመር ባዶ ሆኖ ሳለ የእሷን ሰልፍ ያዘች፣ አንድ ፓኮ ብስኩት ታቅፋ።

«ኮሪን፣ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ያኔ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ለሥራዬ ፈራሁ።»

«ያኔ ነበር የምፈልገው፣ ኮች።»

«ኧረ ቶሎ በይ፣ ኮች! አይስክሬሜ ሾርባ ሆነ!» ጮኸ ከኋላ አንዱ።

ቨርሊን ንቅንቅ አላለችም። «የሸሪፉ ፖሊስ ጣቢያ አብሬሽ እሄዳለሁ። የጠየቅሽኝንም፣ እኔ ምን ብዬ እንደሸኘሁሽም፣ በራሴ አፍ እናገራለሁ።»

ልጅቷ ብስኩቱን ከረጢት ውስጥ ከተተች።

«ሐሙስ ዕረፍቴ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።