ሰው የማይመጣበት ድንኳን

ቴክሳስ፣ ሜስኪት ከተማ ውስጥ ጎረቤት ፈገግ ካለልህ የሚሸጥልህ ነገር አለ ማለት ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤት የተከራየችው ሴትዮ ግን ምንም ሳትሸጥልኝ ፈገግ ትልልኝ ነበር፤ እሱ ነው የባሰ ያሳሰበኝ። ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ቫኗን ፓርክ ታደርግና ጥቁር ጥቁር ሳጥን ታወርዳለች። አንድ ቀን በረንዳዋ ላይ ባለ ሦስት እግር ነገር አቁማ ወደ ሰፈሩ ስታነጣጥር አየኋት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ መስኮት ስለሆነ፣ መጋረጃዬን ገርበብ አድርጌ ስጠብቃት ዋልኩ። ኢሚግሬሽን ትሆን? ዜግነት ከወሰድኩ ልጆቼ ልጅ ወልደዋል። ኢንሹራንስ ትሆን? ለሐኪሙ ወገቤ አላንቀሳቅስ አለኝ ብዬ ነበር፤ ሣር ሳጭድ ቀርጻኝ ይሆን? ከዚያን ቀን ጀምሮ ሣሬን እያነከስኩ ማጨድ ያዝኩ።

ኋላ ራሷ መጥታ በሬን አንኳኳች። አርጀንቲናዊት ናት፤ ፊልም ትሠራለች። ዳይሬክተሯም ፕሮዲውሰሯም እኔው ነኝ አለች።

"ሁለቱንም ለምን?" አልኳት።

"ሌላ ሰው የለማ።"

እንግሊዝኛ አንተና አንቱን አይለይም። እኔ ደግሞ በዚህ ሽበቴ አንተ መባል ስለማልወድ፣ ፈረንጅ የሚለኝን ሁሉ በሆዴ ወደ አንቱ እየመለስኩ ነው የምሰማው። እዚህም እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ታሪኳን አወራችኝ። ቅጠል የሞላበት ትንሽ ቅል ይዛ ነበር። ፍል ውኃ ጨመረችበት፣ በብረት መምጠጫ ሳበችና ያንኑ መምጠጫ ለእኔ አቀበለችኝ። ጠጣሁ፤ ግን መጀመሪያ እሷ ስትውጥ ጉሮሮዋን አይቼ ነው።

ሥራ የጀመረችው በአገሯ ሠርግ በመቅረጽ ነው። የመጀመሪያ ፊልሟን የሠራችው አክስቷ ዳቦ ቤት ውስጥ ነበር፤ ተዋናዮቹ ራሳቸው ጋጋሪዎቹ፣ ቀኑም ምድጃው የሚያርፍበት እሁድ። ለሁለተኛው መኪናዋን ሸጠች። እሱ በሰው አገር ፌስቲቫል ዞረ፣ ተጨበጨበለት፤ አገሯ ላይ ግን አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ያውም ሰው ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ታይቶ ወረደ። ሦስተኛውን እየሠራች ግማሽ ላይ ሳለች የአገሯ ገንዘብ ወደቀና ፊልሙ እዚያው ቀረ። አሁን አርሊንግተን ያለ ዩኒቨርሲቲ በሴሚስተር እየተቀጠረች ታስተምራለች። በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ ዌርሃውስ ለሚሏቸው የዕቃ መጋዘኖች የደኅንነት ቪዲዮ ትሠራለች፤ ሳጥን ስታነሡ ጉልበታችሁን እጠፉ የሚለውን። እኛም የኤርፖርት ሻትል አውቶቡስ ስንነዳ እንዲህ ያለውን ያሳዩን ነበር። ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼበታለሁ።

"ዓለም እንዲህ ካጨበጨበልሽ ሜስኪት ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት።

"እናቴም ይህንኑ ነው የምትጠይቀኝ።"

"ሶ፣ ከእኔ ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"እንዲሞቱልኝ" አለች።

ዓመታት የፈጀባት አዲሱ ፊልሟ ስለ አንድ ስደተኛ ሽማግሌ ነው። ዌርሃውስ ሲሠራ ኖሮ ይሞታል፤ ለቅሶው ላይ አንድም ሰው አይመጣም። የቀራት ይኸው የመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ነበር፦ ድንኳን፣ ባዶ ወንበሮች፣ የሟች ፎቶ። ድንኳኑንና ወንበሩን መከራየት የምትችለው ለአንድ ቀን ነው። "ያን ቀን ካልሆነልኝ ይህም እንደ ሦስተኛው ሜዳ ላይ ይቀራል" አለችኝ።

"ስንት ሽማግሌ እያለ ለምን እኔ?"

"ፊትዎ ሰው አያምንም። ካሜራ እንዲህ ያለ ፊት ይወዳል።"

ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁም። ግን እሺ አልኩ። በዚህ ዕድሜ የሚወደኝ ነገር ከተገኘ ካሜራም ቢሆን ምናለበት።

እሷ ድንኳኑን ከቤቴ ጀርባ ልትተክለው ነበር። "የኛ የለቅሶ ድንኳን ፊት ለፊት ነው የሚተከለው" ብዬ ያረምኳት እኔ ነኝ። አዋቂ ነኝ እንግዲህ። ለዜግነት የተነሣሁትን ፎቶ አሳድጋ ጥቁር ሪባን አጋደመችበት፤ የድንኳኑ በር ላይ ጠረጴዛ ተደርጎለት ቆመ። ወንበሮቹ ተደረደሩ። እኔ ሟች ስለሆንኩ ካሜራ ውስጥ እንዳልገባ ቤት ተቀመጥ ተባልኩ፤ ማለቴ ተቀመጡ። መጋረጃዬ ጋ ሄድኩ።

ቀኑ እሁድ ነበር። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በሰፈራችን በኩል ወደ ቤቱ የሚነዳበት ሰዓት መሆኑን ማናችንም አላሰብነውም።

መጀመሪያ የማኅበራችን እማማ የተቀመጡበት መኪና ቀስ ብሎ አለፈ፤ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። እማማ ነጠላቸውን አደግድገው ወረዱና "ወንድሜን፣ ወንድሜን፣ ትናንት በስልክ ሲያበሽቀኝ አምሽቶ" እያሉ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ያመጣቸው ልጃቸው ስልኩን አወጣ። እዚህ አገር አምቡላንስ ሊዘገይ ይችላል፤ የሐበሻ መርዶ ግን አይዘገይም። ወዲያው መንገዱ ግራና ቀኙ በመኪና ተሞላ።

ወጥቼ "አለሁ" ማለት ነበረብኝ፤ ይገባኛል። ግን ለሰው ልጅ እንዲህ ያለ ዕድል ስንቴ ይገጥመዋል? ማን ከልቡ እንደሚያለቅስ ማጣራት ያዝኩ። አንዱ በነጠላው ተከናንቦ ኳስ ውጤት ሲያይ ያዝኩት። አንዷ ፎቶዬን አይታ "እንዲህ ወጣት ነበር እንዴ" አለች።

ከዚያ ሻትል አብሮኝ ይነዳ የነበረው ጓደኛዬ መጣ። በዕድሜ ልኩ አንድ ደግ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ኮፍያውን አወለቀና ፎቶዬ ፊት ቆመ።

"አንተ ቀጣፊ" አለው ፎቶውን። "ሳልቀብርህ አልሞትም ስትለኝ አልነበረም?"

ጉንጩ ራሰ። የቴክሳስ ላብ ይሆናል ብዬ ዓይኔን አጥብቤ አየሁት። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ላብ ትከሻ አያንቀጠቅጥም።

ወጣሁ።

ስለሆነው ሁሉ አልዘረዝርም። እማማ መጀመሪያ አማተቡ፣ ቀጥሎ በነጠላቸው ጫፍ ገረፉኝ፣ ቀጥሎ አቅፈው እንደገና አለቀሱ። ጓደኛዬ አንዴ አየኝ፤ ኮፍያውን አደረገና መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ዳይሬክተሯ ካሜራዋ አጠገብ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። "እባክዎ ሰዎቹን ይመልሱልኝ" አለችኝ። "ፀሐይዋ እየሄደች ነው። እኔ የምፈልገው ባዶ ድንኳን ነው።"

ለእማማ ነገርኳቸው።

"ባዶ? ሰው ሞቶባት አይደል እንዴ?"

"ፊልም ላይ ነው የሞተው።"

"ፊልም ላይስ ቢሆን፣ ሰው አይደለም?"

ይህን ሲሉ የምስር ወጡ ድስት ከመኪና እየወረደ ነበር። ወንዶቹ ካርታ አውጥተዋል። ድንኳን ውስጥ እህል ከገባ በኋላ ሐበሻን ማን ያስወጣዋል? ሴትዮዋ ጥቁር ሳጥኗ ላይ ተቀመጠች፤ አንዷ እንጀራ በሳህን አቀበለቻት፤ ፀሐይዋም ጠለቀች።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ አላየኋትም። ተቀይማኛለች ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ጋራዧ ውስጥ ጠርታኝ ስክሪን ፊት አስቀመጠችኝ። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ነፋስ የድንኳኑን ጨርቅ ያነሣል፣ ይጥላል። እንዲህ ብዙ ይቆያል። ከዚያ በስክሪኑ ጠርዝ አንድ መኪና ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። መጨረሻው የጓደኛዬ ትከሻ ነው።

"ካሜራውን አላጠፋሽውም" አልኳት። "አውቀሽ ነው ድንኳኑን መንገድ ዳር ያስተከልሽው?"

"ያስተከሉኝ እርስዎ ነዎት" አለች። "እኔም እርስዎን ስጠረጥር ነው የሰነበትኩት።" ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የሌሎቹን ሰዎች እሺታ አግኝቻለሁ። የጓደኛዎ ብቻ ነው የቀረኝ። እምቢ ካሉ አላሳየውም። ሌላ መጨረሻ ግን የለኝም።"

ጓደኛዬ ከዚያ እሁድ ወዲህ ስልኬን አያነሣም ነበር። ሪቻርድሰን ቤቱ ድረስ ነድቼ ከነፒጃማው ይዤው መጣሁ። ኦኬ፣ የት እንደምንሄድ አልነገርኩትም።

ጋራዧ ውስጥ፣ ስክሪኑ ላይ የራሱን ትከሻ አየ። ሴትዮዋ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ እሱን ታያለች። እኔ ሁለቱንም አያለሁ።

"ይሄን ለሰው ልታሳይ ነው?" አለኝ በአማርኛ።

"ካልፈቀድክ አታሳይም። ሥራዋ ግን እዚህ ላይ ያበቃል።"

"ያለቀስኩት ለአንተ መስሎኝ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ለዚህ ግንባር። ለዚህ አፍንጫ። ሰው እኔን አይቶ ምን ይላል? አንድ ጊዜ ባለቅስ እሱንም ለውሸታም ነው ያለቀስኩት።" ስክሪኑን እንደገና አየ። "ታሳየው። ግን ሁለተኛ አላለቅስልህም። የእውነት የሞትክ ቀን እሷን ጠርተው ይሄን ይክፈቱልህ፤ እኔ ቤቴ ነኝ።"

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። "ምን አሉ?"

"እሺ ብሏል።"

ዓይኗን አጥብባ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች።

"ይህን ሁሉ ተናግረው እሺ ብቻ?" አለች።