ሁለት ማሳ፣ አንድ ገመድ

ረቢአን የጨፋ ሮቢት ገበያ የሚያውቃት በገመዷ ነበር። በገበያ ቀን የቃጫ ገመዶቿን ጠምጥማ ትከሻዋ ላይ ታነባብርና ከጨው ሻጮቹ ጎን ትቀመጣለች። ዋጋ ስትናገር ድምፅዋ ስለማይወጣ ገዢው ጎንበስ ብሎ ደግሞ ይጠይቃታል። ሠፈር ውስጥም እንዲሁ ናት፤ ሰው ፊት ብዙ አትናገርም፣ እጇ ግን አያርፍም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከገመዱ ሌላ ያላት በቦርከና ዳር ያለች አንዲት የማሽላ ማሳ ናት። ልጅ አልወለደችም። የሠፈሩ ልጆች ግን «አዴ» ይሏታል፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደ ማለት ነው።

ትንሽ ልጅ ሳለች መሠረተ ትምህርት መጥቶ ነበር። ዋርካ ሥር ተቀምጣ ፊደል መቁጠር ጀመረች። ፊደሉን ሳትጨርስ ማሽላው አሸተና ወፍ እንድትጠብቅ ማማ ላይ አወጧት። መከር አልቆ ስትወርድ ሰሌዳውም አስተማሪዎቹም ወደ ሌላ ቀበሌ ሄደው ነበር። ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም። የሚያወራ ነገር ነው ብላም አላሰበችም።

በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣና የሠፈሩን ትምህርት ቤት ጣሪያ ገልብጦ ጎረቤት እርሻ ውስጥ ጣለው። መጻሕፍቱም በዝናቡ ራሱ። መምህርት ልደት አጥሩ ላይ አሰጥታቸው ነበር፤ ሲደርቁ ግን ገጹ ከገጽ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። አዲስ ቆርቆሮ እስኪገኝ ትምህርት ተቋረጠ ተባለ። ወሩ ማሽላ ወተት የሚይዝበት፣ ግሪሳ እንደ ደመና የሚወርድበት ስለሆነ አንዳንዱ ወላጅ በሆዱ ደስ ሳይለው አልቀረም። ልጆቹ በየማማው ተደለደሉ።

ከረቢአ ማሳ ጋር ድንበርተኛ የሆነው ሙሳ ሦስተኛ ክፍል የነበረችውን ልጁን ዓፊያን አወጣ። ሌላ ሰው አልነበረውም። ሚስቱ አራስ ናት፣ ወንዶቹ ልጆች ከብቶቹን ይዘው ረግረጉ ዘንድ ከርመዋል። ረቢአ ድንበሩ ላይ አግኝታው ትምህርት ቤቱ ሲከፈትስ ብላ ስትጠይቀው፣ ወፍ ጣሪያ እስኪሠራ አይጠብቅም አላት። ከመከር በኋላ ስትለው ደግሞ «ኢንሻአላህ» አለ። ረቢአ ሙሳን ታውቀዋለች። ሲቆርጥ «እሺ» ይላል፤ «ኢንሻአላህ» ያለው ነገር ሲሆን አይታ አታውቅም።

ዓፊያ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወንጭፍ ስታጮህ ዋለች። ከዚያ ሰለቻት። ረቢአ በራሷ ማማ ሥር ያለውን ጭቃ በውሃ አለስልሳ፣ በመዳፏ አስተካክላ ጠራቻትና እስቲ የምትማሪውን ጻፊልኝ አለቻት። ልጅቷ በአገዳ ስንጥር ጻፈች። በትምህርት ቤቱ የሚማሩት በኦሮምኛ፣ በላቲን ፊደል ስለሆነ ረቢአ አንዱንም አላወቀችውም። ይህ ምን ይባላል፣ ያኛውስ ለምን ሁለት ጊዜ ተደገመ እያለች ጠየቀቻት። ዓፊያ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ግን ጥያቄውን መመለስ ሲያቅታት ስታስብበት አደረች፤ በማግስቱ መልሱን ይዛ መጣች።

የወዲያ ማዶ ልጆች ኢልሃምና ጀይላንም ወፍ ፋታ ሲሰጥ መምጣት ጀመሩ። ረቢአ ጥንቅሽ ትቆርጥላቸዋለች፤ ቆርጣ ግን አታከፋፍልም። አንዱን አገዳ ለሦስቱ ራሳቸው እንዲያካፍሉ ትሰጣቸዋለች። አንጓው አንዱ ጋ ረጅም፣ ሌላው ጋ አጭር ነው፤ የሥሩ ደግሞ ከጫፉ ይበልጥ ይጣፍጣል። በገመድ ለክተው፣ ገመዱን አጥፈው፣ ተጨቃጭቀው ይቆርጡታል። አንድ ቀን ጀይላን የራሱን ድርሻ አኝኮ ከጨረሰ በኋላ አጥሮብኝ ነበር ብሎ ተነሣ። ዓፊያ ምጣጩን ሰብስባ ለካችውና «ውሸትህን ነው፤ ይልቅ ጥርስህን ክሰስ» አለችው።

ገመዱን የማስረዘም ሐሳብ የመጣው ከዚህ ልኬት ነው። ረቢአ ከማማዋ እስከ ማሳዋ ዳር ገመድ ዘርግታ የሳርዲን ቆርቆሮ አንጠልጥላበት ነበር። ማማው ላይ ሆና ስትስበው ይንኳኳል። ዓፊያ ገመዱ ድንበር ተሻግሮ ወደ እነሱ ማሳ ቢቀጥልስ አለች። ረቢአ ለገበያ ያዘጋጀችውን ጥቅል ፈታችላቸው፤ አልበቃ ሲል ቃጫ ፍቀው፣ አድርቀው፣ ጭናቸው ላይ እያሹ መግመድ ተማሩ። የኢልሃም ገመድ ላልቶ ተበጠሰ። የዓፊያ ጠጥሮ ተጠማዘዘ። ረቢአ አፍርሳ መለሰችላቸውና እንደገና ገመዱት። መሐሉ ረግቦ ማሽላው ላይ ሲተኛ በየት በየት በኩል ባላ ይተከል በሚል ሲከራከሩ አንድ ቀን አለፈ።

ገመዱ ተወጥሮ ሁለቱ ማሳዎች በአንድ ጊዜ ሲንኳኩ ልጆቹ ጨዋታ አገኙ። ተራ ገብተው ከጠዋት እስከ ማታ ሳቡት። ረቢአ ፊታቸው እንዲህ በርቶ አይታ ስለማታውቅ ተዉ ለማለት አልሆነላትም። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ግሪሳው ድምፁን ለምዶት ቆርቆሮው ራስ ላይ አርፎ ይበላ ጀመር። ልጆቹ ድምፁን ተማምነው ወንጭፉን ትተውት ነበር። በቦርከና በኩል ያለው የሙሳ ማሳ ጥግ ተበላ።

ሙሳ መጣ። አልጮኸም። አንዱን የማሽላ ራስ ሰብሮ በመዳፎቹ መሐል አሸው፤ ገለባ ብቻ ሆኖ ወረደ።

«ወፎቹ ክፍል አልፈዋል» አላት ለረቢአ። «የእኔዋ ግን የወደቀች ይመስለኛል።»

ዓፊያን ይዞ ሄደ፤ ከእንግዲህ ከራሷ ማማ እንዳትወርድ ነገራት። ረቢአ ያን ቀን እራት አልበላችም። ወፍ የበላው ማሽላ ሳይሆን ሙሳ «ኢንሻአላህ» ያለው ነገር ነበር የሚከነክናት፤ አሁንማ ልጅቷን ለማስቀረት ምክንያት አገኘ።

በማግስቱ ዓፊያ ከማማዋ ላይ ሆና ተጣራች። በሁለቱ ማማዎች መካከል ድንበሩ ብቻ ስለሆነ ለመነጋገር መውረድ አያስፈልግም።

«አዴ፣ ወፎቹ ሰልችቷቸው እኮ ነው። መምህርታችንም ሁልጊዜ ዝም በሉ ስትለን አንሰማትም። አንዳንዴ ስትለን ነው የምንደነግጠው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ሊያርፉ ሲያዘቀዝቁ ብቻ እንሳበው። ድምፁም አንድ ዓይነት አይሁን።»

ረቢአ ከማማዋ ወረደች። ገመዱን ቆራርጣ በሁለቱ ማሳ ላይ የተዘረጋ ሦስት መስመር አደረገችው፤ ሁሉም ጫፋቸው ማማዋ ላይ ታሰረ። በአንዱ ላይ የሳርዲን ቆርቆሮ፣ በሌላው ጠጠር የገባበት የዘይት ጣሳ፣ በሦስተኛው የተቀደደ ማዳበሪያ ተንጠለጠለ። ዓፊያ ከላይ ሆና መንጋው ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚዞር ታያለች። ጠዋት ከረግረጉ ሸምበቆ ይነሣል፤ ፀሐይ ስትከር ግራር ላይ ያርፋል፤ ወደ ማታ ሌላ አቅጣጫ ይዞ ይመለሳል። የምታየውን እየጮኸች ትናገራለች፣ ረቢአ ትስባለች። ሲደጋገም ረቢአ ሳይነገራትም ታውቀው ጀመር። ያን ሰሞን የተበላው ጥግ ባለበት ቆመ።

ቆርቆሮው ከከሚሴ በአይሱዙ መኪና መጥቶ ጣሪያው ተመታ። ትምህርት ሰኞ ይጀመራል ተባለ። ሙሳ ግን ዓፊያ ትሂድ አላለም። ረቢአ በሰው ቤት ደጅ ቆማ ጉዳይ ማንሣት የማይሆንላት ሴት፣ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ሙሳ ቤት ሄደች። አራሷን ጠየቀች፤ ሕፃኑን አቀፈች። ስትወጣ ሙሳ እንጨት ሲፈልጥ ደጅ አገኘችው።

«የሦስቱም ገመድ ጫፍ እኔ ማማ ላይ ነው» አለችው። «ሁለቱንም ማሳ እኔ እጠብቃለሁ። ልጅቷ ትሂድ።»

ሙሳ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተወው።

«ከተበላስ?»

«የኔም አብሮ ይበላል።»

«ምጥ ቢይዘኝ እንኳ ያንቺን ያህል አላምጥም ነበር ለዚች ልጅ» አለና ፈገግ አለ። ረቢአ መሬት መሬት አየች። እሑድ ዕለት ሙሳ ዓፊያን ቤት አስቀምጦ ማሽላው መሐል ብቻውን ተቀመጠ። ረቢአ መኖሩን አውቃለች፤ እንዳላወቀች ሆና ውላለች። መንጋው መጣ፣ አዘቀዘቀ፣ ጣሳው ሲንኳኳ ደንግጦ ተነሣ። ከሰዓት በኋላም እንዲሁ። ሙሳ ሲመሽ ልብሱን አራግፎ ተነሣና በማማዋ ሥር ሲያልፍ ቀና ሳይል «እሺ» አለ።

ሰኞ ጠዋት ዓፊያ በሌሎቹ ልጆች መካከል በእርሻው መንገድ አለፈች። እጇን አንሥታ አልተሰናበተችም፤ ከኢልሃም ጋር የያዘችው ወሬ ሞቅ ያለ ነበር። ረቢአ ከሸምበቆው የተነሣውን መንጋ እያየች ስለነበረ እሷም አልጠራቻትም። መንጋው ሲያዘቀዝቅ የመካከለኛውን ገመድ ሳበች።

ወፎቹ ግራር ላይ ሲያርፉ ወረደች። ማማው ሥር ልጅቷ የጻፈችበት ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ከፊደሎቹ መካከል «ረቢአ» የሚለውን የራሷን ስም አነበበችው። ከጀሪካኑ ውሃ አርከፍክፋ እንዲርስ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያም ተንበርክካ በመዳፏ አለሰለሰችው፤ ቅዳሜ ልጆቹ ሲመጡ ይፈለጋል።