መኝታ ቤቴ መስኮት ላይ የቆመች መኪና

ሰው መስኮቱን ሲከፍት ሰማይ ያያል፣ ጎረቤት ያያል፣ ቢያጣ ቢያጣ የተሰጣ ልብስ ያያል። እኔ የመኝታ ቤቴን መስኮት ስከፍት የማየው የመኪና ኮፈን ነው። ጠዋትም ኮፈን፣ ማታም ኮፈን። ቀይ መሆኑን የማውቀው ድሮ ስለማውቀው ነው እንጂ በዚያ ጨለማ ውስጥ ጥቁር ይሁን አረንጓዴ በምን ይለያል!

መኪናዋ የባሌ ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ የሚታጠፍ፣ ጣሊያን ሠራሽ የድሮ የስፖርት መኪና። ከአስመራ ነድተው ያመጧት አባቱ ናቸው፤ ሲሞቱ ለእሱ ተዉለት። እኔ ከደብረ ብርሃን ለማስተማር መቀሌ መጥቼ ከእሱ ጋር ስንተዋወቅ የጋበዘኝ ምሳ አልነበረም፣ በእሷ ሮማናትን መዞር ነበር። አደባባዩን ዞርነው፣ ደግመን ዞርነው፣ ባለታክሲዎቹ ክላክስ እያደረጉ ሳቁብን። ያን ቀን ቀልቤ ሄደ፤ ወደ እሱ ይሁን ወደ እሷ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ጦርነቱ ሲመጣ መኪና ያለው ሁሉ መኪናውን የሚያደርግበት ጠፋው። ባሌ በቤታችንና በአጥሩ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ አስገባት። የመኝታ ቤታችን መስኮት የሚከፈተው ወደዚያች ቦታ ነው። ከፊቷ በብሎኬት ገነባ፣ ከላይ ቆርቆሮ መታ፣ ቆርቆሮው ላይ አሮጌ ፍራሽና ጭራሮ ከመረበት። ከውጭ ለሚያይ ሰው ቤቱ እዚያ ጋ ያበቃል፤ መስኮትም መኪናም የለም። የመስኮቱን ፍርግርግ በመጋዝ ቆርጦ፣ በርጩማ ላይ ቆሞ፣ በመስኮቱ ወደ መኪናው ይገባል። ይሄም አልበቃው ብሎ "ቢያገኟትም አይነዷትም" አለና መሪዋን ነቀለ። በማዳበሪያ ጠቅልሎ ጓሮ ዘይቱናው ሥር ቀበረው።

መሪው ደግሞ የእንጨት ነበር። ምስጥ ባለበት መሬት ውስጥ እንጨት ይቀበራል? በደህናው ጊዜ ሕፃን ልጅም አያደርገው። በዚያን ሰሞን ግን ማን አስቦ! ሰላም ሲወርድ ቆፍሮ ቢያወጣው ሦስት የብረት ክንድና አንድ ጭብጥ አፈር ሆኖ ጠበቀው። የአባቱ መዳፍ ለስንት ዘመን ያለሰለሰው እንጨት የለም። ማዳበሪያውን ደረቱ ላይ አቅፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ያኔ ለምን እንዳለቀስን ጎረቤት ቢጠይቀን ለመሪ ነው ብለን እንዴት እንናገራለን?

እንባዬን ጠርጌ፣ "እሺ፣ መሪውን ምስጥ በላው። ግድግዳውስ?" አልኩት።

"መሪ የሌላትን መኪና አውጥቼ ምን ላድርጋት? መሪ ይገኝላት፣ በነጋታው አፈርሰዋለሁ" አለኝ።

ኧረ በነጋታው! ያ በነጋታው ስንት ዓመት ፈጀ። ጠዋት ስነቃ መንጋቱን የምታሳውቀኝ የስልኬ ሰዓት ናት። ቀሚሴ ሻጋታ ሻጋታ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ አንዱ ተማሪዬ ክፍል ውስጥ "ቲቸር፣ ቤንዚን ይሸታል" ብሎ ሁሉም አፍንጫውን ሲይዝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መብራት የሚጠፋ ቀንማ ያው መቃብር ነው። ታፈንኩ አልኩት፣ ስንቴ ታፈንኩ አልኩት። "ሓቂ'ዩ፣ ልክ ነሽ፣ መሪው ብቻ ይገኝ" ይለኛል በዚያ በተረጋጋ ድምፁ፤ የሱ መረጋጋት ነው የበለጠ የሚያቃጥለኝ።

ስለዚህ መሪ ፈላጊ ሆንኩ። እኔ፣ የአማርኛ አስተማሪዋ! ጣሊያን የምትኖር ታናሽ እህቱ አለችው፤ እሷ ከአሮጌ መኪና ዕቃ ሻጮች ፎቶ ታነሳና ትልክልኛለች። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ በመስኮቱ በኩል ስልኩን አሳየዋለሁ። እሱ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን የሚውለው እዚያ ነው፤ ከዚያ ከወጣ ቤተክርስቲያን ነው፣ ሌላ መድረሻ የለውም።

የመጀመሪያው መሪ ሰፊ ነው፣ ጭኔን ይነካል አለ። ሁለተኛው ጎድጓዳ ነው፣ ደረቴ ላይ ይመጣብኛል። የሚቀጥለው ወፍራም ነው፣ ጣቴ አይዞረውም። አንዱን ደግሞ የመሪው ክንድ ወፍራም ነው፣ የፍጥነት መቁጠሪያውን ይሸፍናል አለኝ። "የቆመችን መኪና ፍጥነት ልትቆጥር ነው?" ስለው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ቸግሮኝ አንድ ቀን ያሉኝን ትሪዎች በሙሉ ሰብስቤ አቀበልኩት። እስቲ በምን ያህል ስፋት ነው የምትነዳው፣ ያዝና አሳየኝ አልኩት። ጉድ እኮ ነው፤ በመስኮቴ ማዶ፣ በጨለማ፣ ሽበታም ባሌ ትሪ ጨብጦ በሐሳቡ ወደ ኲሓ ከተማ ይነዳል። ትልቁን ትሪ ያዘና ጉልበቱን መታው። ትንሿን ያዘና ተው አለ፤ "በዚህች ባዞራት ትከሻዬ ይወልቃል፣ የጥንት መኪና እኮ መሪዋ ይከብዳል፤ የሚያግዝ ነገር የላትም።" የሻይ ትሪዬ ልኩ ሆነች። በሜትር ለካኋት፣ ለእህቱ ጻፍኩላት፤ ትሪዋም ከዚያ ወዲህ መኪናው ውስጥ ቀረች። እንግዳ ሲመጣ ሻይ የማቀርበው በሰሃን ነው።

ልኩ ከተገኘ ወዲያ የቀረው ዓይነቱ ነው። እህቱ አንድ የእንጨት መሪ ላከች፤ ውይ ሲያምር! የአባቱን ቁርጥ። እምቢ እንደማይል እርግጠኛ ሆኜ፣ ሳምንት ሳይሞላ ግድግዳው ሲፈርስ እየታየኝ አሳየሁት።

"እንጨት አልፈልግም" አለኝ።

"የአባትህን መስሎ?"

"እንጨት አልፈልግም አልኩሽ።"

ደሜ ፈላ። መስኮቱን በላዩ ላይ ዘጋሁት። ሲቸግረው ከውስጥ "ኣንቲ፣ ክፈቺልኝ" ብሎ ሲያንኳኳ ቆይቼ ነው የከፈትኩለት፤ እስቲ እሱም ይቅመሳት ብዬ።

በመጨረሻ ራሱ መረጠ። ጥቁር፣ ዝርግ የሆነ፣ የብረት ሆኖ ቆዳ የለበሰ መሪ ነው፤ ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ቁራጭ ለብቻው አለ። እሽቅድድም የሚወዳደሩ ሰዎች የሚያስገቡት ዓይነት ነው አለች እህቱ፣ ቁራጩ ላይ ያለውን ቀለበት ስትስበው መሪው በእጅ ይወጣል። ሌላውም አለ፣ በቡሎን የሚታሰር፣ ይሻላል ብትለው "የለም፣ ያንን" ብሎ ድርቅ አለ። ለአንድ ጊዜ እንኳ መረጠልኝ ብዬ አልተከራከርኩም። ለምን ያንን እንዳለም አልጠየቅኩም።

እህቱ ለዕረፍት ስትመጣ ልቀበላት አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። ከሩቅ ስትመጣ መሪውን ክንዷ ላይ እንደ ቦርሳ አንጠልጥላዋለች። "በየፍተሻው ምንድን ነው ይሉኛል፣ የወንድሜ ጤና ነው እላቸዋለሁ" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ እሷን ሳቅፍ እጄ የነካው መሪውን ነበር፤ ቆዳው ቀዝቃዛና አዲስ ነው። እሰይ፣ አበቃ አልኩ በሆዴ።

ስንመለስ ግን መንገዱ ደስ አላለኝም። ማደያው በር ላይ መኪናው ተሰልፎ እስከ መታጠፊያው ደርሷል። ባለታክሲው የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ፣ ወዲያው ደግሞ ዘጋው። ቀዳማይ ወያነ ገበያ ጎራ ብል ሴቱ ሁሉ ዱቄት በኩንታል ያሸክማል። እኔ ይህን የዱቄት ሽሚያ ካለፈው ጦርነት አውቀዋለሁ። አስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሚወራው ሌላ ነገር አልነበረም፤ ጦርነቱ ተመልሶ ሊመጣ ነው፣ አይመጣም፣ መጥቷል። እህቱ ወር ልትቆይ የመጣችው ቲኬቷን አሳጥራ በአራተኛው ቀን ሻንጣዋን ዘጋች። "ሥራ ጠርቶኝ ነው" አለችው። ስትስመው ፊቷን ከትከሻው አላነሳችም።

እኔ ለባሌ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ሬዲዮ አይሰማ፣ ሰው አያገኝ፤ ከሰማ ግድግዳውን ደግሞ ሊያወፍረው ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝና ያን ሰሞን የፈራሁት ጦርነቱን ሳይሆን ባሌ ወሬውን እንዳይሰማ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መሪውን ገጠመው። እኔም በርጩማው ላይ ወጥቼ በመስኮቱ ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ መኪናዋ ውስጥ ከተቀመጥኩ ስንት ዘመኔ! መሪው ቀጭ ብሎ ገባ። ባሌ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አደረገው፣ ጉልበቱን አልነካውም። ከዚያ ቀለበቱን ሳብ ሲያደርገው መሪው እንዳለ እጁ ላይ ወጣ።

"አየሽ? ያለ ቁልፍ" አለኝ፤ ጥርሱ በጨለማ ያበራል።

ያኔ ገባኝ። እንጨት ያልፈለገው ምስጥ እንዳይበላው ነው። ጎድጓዳውን የጠላው ለመደበቅ ስለማይመች ነው።

"አንተ!" አልኩት። "ይህን ሁሉ ዘመን ጨጓራዬን ስትልጠው የኖርከው የሚነዳ መሪ ፈልገህ ነው ወይስ የሚደበቅ?"

"የሚደበቅ" አለኝ ሳያፍር። "ስሚኝ። መሪዋን በአንድ እጄ ነቅዬ ቤት መግባት ከቻልኩ፣ እሷ ደጅ ብትቆም ማን ይነዳታል? ግድግዳ ምን ይሠራልኛል? ለግድግዳው ምትክ ነው የፈለግኩት። ነይ ውጪ፣ መስኮትሽን ልስጥሽ።"

ስንት ዓመት የተሳደብኩበት ነገር ለካ ለእኔው ነበር።

መሮና መዶሻ ይዞ በውጭ በኩል ዞረ። እኔ መኝታ ቤት ተመልሼ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። "ተዘጋጅተሻል?" ሲል ድምፁ ሮማናትን ሲያዞረኝ የነበረው ልጅ ድምፅ ነው። ኳ አደረገ፣ ደገመ፣ ስሚንቶው ረገፈ፣ አንድ ብሎኬት ተፈንቅሎ ወደ ውጭ ወጣ።

ብርሃን ገባ። በቀጥታ መጥቶ ኮፈኑ ላይ አረፈ። ቀይ ነው! አቧራ ለብሶም ቀይ ነው። እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ በቀዳዳው የአጥራችን በር ታየኝ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ በመንገዱ ሰው ያልፋል። እኔ በሩን ካየሁ በሩ ላይ የሚቆም ሰው እኔን ያያል። መኪናዋን ያያል፣ አልጋዬን ያያል።

"ቆይ!" አልኩ።

"ምነው፣ ፍንጣሪው መታሽ?"

"አልመታኝም። ቆይ ብቻ። ለጊዜው... እስቲ ትንሽ እንይ።"

መዶሻውን አወረደ። ፊቱን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ፤ አንድ ዓይኑና ግማሽ ጺሙ ይታየኛል።

"ሰምተሻል ማለት ነው" አለኝ።

"አንተም ሰምተሃል?"

"እህቴ ለምን ቶሎ እንደሄደች የማላውቅ መሰለሽ?"

"ታዲያ እያወቅክ ታፈርሳለህ?"

"ወሬ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ወሬው ይለፍ እያልኩ አንቺ በጨለማ አረጀሽብኝ" አለኝ። "በይ፣ ያልሽውን አደርጋለሁ።"

ምነው አፍርሰው ባልኩ። ቃሉ እኮ አፌ ላይ ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የምለው ቃል ነው። ግን አልወጣም አለኝ። በዚያ ግድግዳ ስማረር፣ ስረግም ኖሬ፣ ለካ ሌሊት እንቅልፍ የሚወስደኝ ያው ግድግዳ ስላለ ነው። ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

"ልድፈነው?" አለኝ። ቁጣም የለው፣ ወቀሳም የለው።

ኮፈኑን አየሁት።

"ድፈነው" አልኩት።

ብሎኬቱን አንስቶ ወደ ቦታው ሲገፋው ቀዩ ከዳር እየጠቆረ ሄደ። እጄን ሰደድኩና መብራቱን አበራሁ።